የጓዳ ሉህ

ይርገዱ ባሏን የቀበረችው ከአንድ ጋሪ ጋር ነው። ሌላ ሰው አልነበረም። ጋሪው ነጂ የሌለው፣ አራት ጎማ ያለው ግራጫ ነገር ነው። ሬሳውን ከሃያ ሦስተኛ ፎቅ አውርዶ በቦርከና ዳር ዳር እስከ መቃብሩ ወሰደው፤ እሷም ከኋላ ከኋላው ተከተለች። ሲደርሱ ራሱ ቆፈረ፣ ራሱ አወረደ፣ አፈሩንም ራሱ ደለደለ። ከዚያ «ሥራው ተጠናቋል» አለና ጥሏት ተመለሰ። እሷ በእግሯ መጣች።

ይኸው አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው፣ ነገሩ ከሆዷ አልወጣም።

ኮምቦልቻ ብሎክ ዘጠኝ ውስጥ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት በር አለ። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለት በር አንድ ሰው ብቅ አላለም። አበጋዝ ደግሞ ሰው የሚጠላው ሰው አልነበረም፤ ሊፍቱ በቆመ ቁጥር የስንቱን ደካማ ዕቃ በደረጃ የተሸከመ ነው። አርባው ሳይወጣ በኮሪደር ያገኘችውን ሁሉ ጠየቀች። የሁሉም መልስ አንድ ነበር።

«አልተጠራንማ!»

እውነታቸውን ነው። ሰው ለቅሶ የሚሄደው ሲጠራ ነው። ሌላው አገር እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ ድሮ የቅሬ ጠሪ በእግሩ ዞሮ፣ ጮኾ ይጠራ ነበር አሉ። በይርገዱ ዘመን ጠሪው ሞጁል የሚሉት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ የሕንፃው እምብርት በሚሉት ዋና ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። መብራቱም ውሃውም ሊፍቱም እዚያው እምብርት ላይ ነው የተጫኑት። ሰው ሲያርፍ ጠሪው በየበሩ ላለው ሰው በጆሮው ይነግረዋል። ሳይጠራ የቀረ ሰው ቀረ አይባልም። ያልተጠራ ሞት ደግሞ እንዳልሞተ ነው።

ጠሪው ለአበጋዝ ዝም አለ። ለምን ዝም እንዳለ የነገራት ሰው የለም፣ ጠይቆ የተነገረውም የለም። እሷም ለሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም በር ሰላምታ ነሳች። ሊፍት ውስጥ ስትገባ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ሰዎቹ መጀመሪያ ገረማቸው፣ ኋላ ለመዱት፣ ቀስ እያሉ እነሱም ወደ ግድግዳ ማየት ጀመሩ።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የመኝታ ቤቷ ግድግዳ «ይርገዱ?» ይላታል። «አለሁ» ትላለች። ያኔ ውሃው ይከፈታል፣ ምድጃው ይሞቃል። ብዙ ቀን ከአፏ የምትወጣው ቃል ያቺ ብቻ ናት። አንዳንድ ቀን የገዛ ድምፅዋ ሲናፍቃት ደግማ «አለሁ» ትላለች፤ ግድግዳው ሁለተኛዋን አይቆጥርላትም። እስከ ሦስት ሰዓት «አለሁ» ያላለ ሰው በሩ ላይ ጋሪው ይመጣል።

የጎን ጎረቤቷ ዘሐራ «አለሁ» የምትለው ስላ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ ነበር። በግድግዳው ይሰማል። የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ ጠዋት ሳይሰማ ቀረ። ሦስት ሰዓት ሲሆን የጋሪው ጎማ በኮሪደሩ ሲንሸራተት መጣ። ይርገዱ ከበሯ ኋላ እጀታውን ይዛ ቆመች፤ ጎማው በመጣበት እስኪመለስ ድረስ እጀታውን አላዞረችም።

«አልተጠራሁማ» አለች ለራሷ። ከዚያ እጇን ታጥባ ምሳዋን ጣደች።

ከድሮው የቀራት አንድ ነገር ቁልፍ ነው። የሴቶች ቅሬ ንብረት ያዥ ነበረች። ቅሬው ተበተነ እንጂ ቁልፉን የጠየቃት የለም። ምድር ቤት ባለው መጋዘን ሃያ ስድስት ድስት፣ አርባ አግዳሚ ወንበር፣ ጭልፋና ሰፌድ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ ወርዳ አቧራቸውን ታራግፋለች። ዕቃ አቧራ ሲለብስ አትወድም።

የሁለት ሺህ ዘጠና ሦስት ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ሲጋመስ ሊፍቱ ውስጥ ማስታወቂያ ወጣ። ፊቷን ወደ ግድግዳ የምታዞር ሰው ስለሆነች ከማንም በፊት ያየችው እሷ ናት። ከሦስተኛ ክፍል ስለወጣች ፊደል በፊደል ነው የምታነበው፤ ለመጨረስ አራት ጊዜ ወጥታ ወረደች። እምብርቱ ጳጉሜ አምስት ቀን ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በአዲስ ይቀየራል። ለአዲሱ ያልተገነባ ሞጁል ሁሉ ይወድቃል። ዝርዝሩ ተከታትሎ ወርዷል። ሊፍት፣ ዝግጁ። ውሃ፣ ዝግጁ። ጋሪ፣ ዝግጁ። መጨረሻ ላይ፦ የቅሬ ጠሪ፣ ባለቤት የለውም።

ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የሠራው ሰው ስም ነበር። ንጋቱ ውዱ፣ አርባ አንደኛ ፎቅ፣ በር ስድስት።

ሦስት ሳምንት ያህል ከራሷ ጋር ተሟገተች። አርባ አንደኛ ፎቅ ለመውጣት የሰው በር ማንኳኳት አለ፤ የሰው በር ካንኳኳች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ጳጉሜ አምስት ቀን፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች።

«ማነው?»

«ይርገዱ ነኝ፣ ከሃያ ሦስተኛ።»

ቁልፉ ሲዞር ተሰማ። ከዚያ በሩ ተከፈተ። ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሆነው ረዥም፣ ከሲታ ሰው ነው፤ ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ለብሶታል።

«መጣሽ» አለ፣ ቀጠሮ እንደነበራቸው።

«ጋሽ ንጋቱ፣ እኔ ለመቀመጥ አልመጣሁም።»

«ለመቀመጥ የሚመጣማ የት አለ? ወንበሩም ልብስ ተከምሮበታል። ግቢ።»

ቆማ ቀረች። «ጠሪውን የሠሩት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምነው ባለቤት የለውም ይላል?»

«እኔን ማለቱ ነው።»

ልትስቅ ምንም አልቀራት። ንዴቷን እንዳያበርድባት ቶሎ ብላ ቀጠለች። «አበጋዝ ሲሞት ለምን አልጠራም? ሌላ ነገር አልፈልግም። ይቺን ይንገሩኝና ልሂድ።»

ንጋቱ ግድግዳውን እየዳበሰ ሄዶ አሮጌ ሰሌዳ አወጣ፤ ያን ጊዜ ሞጁል የሚገነባበት ነው። ከፈተውና ወደ እሷ አዞረው።

«ዓይኔ አያይም፣ አንቺ አንብቢው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ያለኝን አሁንም ይላል።»

ይርገዱ ጣቷን እያስከተለች አነበበች። «ጠ-ሪ። ማን... በየት... በር። የሚባል ስም... አልተገኘም።» ቀና አለች። «ምን ማለት ነው?»

«ጠሪው ማን በየት በር እንደሚኖር ራሱ አያውቅም፤ ሌላ ሞጁል ነው የሚጠይቀው። እኛ ወንዶቹ የምንይዘው የአባወራ ስም ብቻ ነበር። እያንዳንዱ በር ኋላ ማን እንዳለ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ከዘመድ እንደተጠጋ የሚያውቀው የሴቶች ቅሬ ነው፣ ተራ የምታወጡት እናንተ ናችሁና። የእናንተ ሞጁል ጓዳ ይባል ነበር። ጓዳ ሲገነባ፣ ሲጠሩት የሚመልስባቸውን ስሞች በሉህ ጽፎ ያወጣል። ጠሪን ስትገነቢ ያንን ሉህ አጠገቡ ታደርጊለታለሽ። ካላደረግሽለት፣ ይኸው፣ ስም አጣሁ ብሎ ይጮኻል።»

«ታዲያ ለምን አላደረጉለትም?»

ንጋቱ አገጩን አሸ። «ሉሁ እትዬ ማንያህልሻል ዘንድ ነበራ።»

የሴቶች ቅሬ ሊቀመንበር ነበረች፤ አርፋለች። ይርገዱ ወዲያው ገባት። «የድንኳኑ ጠብ!»

«የድንኳኑ ጠብ። ሳንጠይቃችሁ ድንኳኑን ለብሎክ አራት ሰርግ አዋስነው። እሷም ከእንግዲህ ከኛ አንድ ነገር የምትፈልጉ ከሆነ በእግራችሁ መጥታችሁ፣ ቆማችሁ ትለምናላችሁ አለች። ኮሚቴው ተሰበሰበ። ሰባት ወንድ ነን። ማን ይሂድ ሲባል ሰባታችንም መሬት መሬት አየን።»

«ጉድ! የአንድ ፎቅ ደረጃ መውረድ አቅቷችሁ?»

«ጩኸቱን ወደ ማስጠንቀቂያ የምትለውጥበት መንገድ አለ። አንድ መስመር ነው። ይሄን ስሕተት ብለህ አትቁም፣ አስጠንቅቀህ እለፍ ትይዋለሽ። እንደዚያ አልኩት። ተገነባ። ለኮሚቴው አዲሱ ጠሪ አልቋል ብዬ ሪፖርት አደረግሁ፣ አጨበጨቡልኝ። ሲጫን ስሙን ራሱ ፈልጎ ያገኛል ብዬ ነበር። አላገኘም። አልተጫነም። እምብርቱ ሳይነግረን ወደ ጎን አስቀመጠው። በአራተኛው ቀን አበጋዝ ሞተ።»

ይርገዱ ወንበሩ ላይ፣ ልብሱ ላይ ተቀመጠች።

«ያውቁ ነበር» አለች።

«በማግስቱ ዐወቅሁ።»

«አሥራ አንድ ዓመት? ሰዉን ሁሉ ስጠላ? ሊፍት ውስጥ ስንገናኝ እኮ እርስዎም ነበሩ!»

«መጀመሪያ ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ከዚያ ዓመት ሆነ። ዓመት ከሆነ በኋላ ነገሩን ብቻ ሳይሆን ዝምታዬንም ማስረዳት ነበረብኝ። በየዓመቱ የማስረዳው እየበዛ ሄደ።» ቆየት ብሎ ጨመረ። «ደስታም እንደዚያው ሄደች። በአምስተኛው ዓመት።»

ደስታ ሚስቱ ናት። ይርገዱ መሞቷን አላወቀችም ነበር።

«ማን ቀበራት?»

«ጋሪው» አለ።

ሰሌዳው ላይ ያቺው መስመር ብልጭ ትላለች። ይርገዱ ንዴቷን ፈለገችው፤ ነበረ፣ ግን አሥራ አንድ ዓመት ስትይዘው የነበረበት ቦታ ላይ አልነበረም።

«ሉሁ አሁን የት አለ?» አለች።

«እኔ ምን ዐውቃለሁ። እትዬ ማንያህልሻል ከቅሬው ዕቃ ጋር ነው የማስቀምጠው ትል ነበር። መጋዘኑ ተዘግቷል፣ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ...»

ይርገዱ ከአንገቷ ክሩን ስባ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ንጋቱ በጣቱ ዳበሰው። ምን እንደሆነ ሲገባው እጁን አነሣ።

መጋዘኑ ውስጥ ፍለጋው ረዥም አልነበረም። ሃያ ስድስተኛው ድስት ከሁሉ ትንሹ ነው፤ የሽሮ። በየቅዳሜው ከውጭ ታብሰዋለች፣ ክዳኑን ግን ከፍታው አታውቅም፤ ባዶ ድስት ምን ብሎ ይከፈታል? ከፈተችው። በሻሽ የተጠቀለለ፣ አውራ ጣት የሚያህል ፍላሽ ተቀምጦበታል። የሻሹን ጥለት ዐወቀችው፣ የእትዬ ማንያህልሻል ነው። አሥራ አንድ ዓመት፣ ሳምንት በሳምንት፣ ከእጇ አንድ ክዳን ነው የለየው።

ስትመለስ ዐሥር ሰዓት አልፏል። አዲሱ እምብርት ከአሮጌው ጎን ተነሥቶ ቆሟል፤ የቀረው አሮጌውን ማጥፋት ብቻ ነው። ንጋቱ እያዘዘ፣ እሷ ምስር እንደምትለቅም ፊደሉን አንድ አንድ እየለቀመች ሉሁን ከጠሪው አጠገብ አደረጉት። ሰሌዳው እምቢ አለ። የሉሁ ማኅተም ከአዲሱ እምብርት ጋር አይገጥምም አለ።

«አርጅቷላ» አለ ንጋቱ። «ሉሁ ለአሮጌው የወጣ ነው። ግድ የለም፣ አስገድደን እንጭነዋለን። አንድ መስመር ነው፣ ጻፊ...»

እጇን ከሰሌዳው ላይ አነሣች። «አልጽፍም።»

«ጊዜ የለንም እኮ፣ ይርገዱ! ሁለት ሰዓት አልሞላም የቀረን።»

«ያኔም አንድ መስመር ነው አሉ። ይሄ ነገር ሲጮህ የሚጎድለው ነገር ስላለ ነው። አፉን ሲይዙት የጎደለው አልሞላም። የጎደለው ምንድን ነው? እሱን ይንገሩኝ።»

ንጋቱ ብዙ ዓመት ያልነካውን ነገር እንደሚያነሣ ሰው ቀስ ብሎ ተናገረ። «ጓዳ ራሱ ነው። ጓዳ ለአዲሱ እምብርት ከተገነባ አዲስ ሉህ ያወጣል። ከዚያ ነው ጠሪ።»

«ጓዳ ፍላሹ ውስጥ አለ?»

«ጽሑፉ ካለ አለ።»

«እንግዲያው መጀመሪያ ጓዳ» አለች። «ወትሮስ ከጓዳ ሳይጀመር ምን ይቀርባል?»

ንጋቱ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ ድንገት ስለወጣ ራሱም ደነገጠ፤ ከዚያ ሳል ሆነበት፣ ውሃ አቀበለችው።

ጓዳን አስገነቡት። ሁለቴ አንድ ፊደል ገድፋ ሰሌዳው ጮኸባት፤ ሁለቴም ተመልሳ ፈልጋ አረመች። ደረጃ እንደሚቆጥር ሰው ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ነበር የምትጽፈው። ሦስተኛው ላይ ሰሌዳው ጸጥ አለ፤ የጸጥታውን ዓይነት ንጋቱ ዐውቆት ቀና አለ። አዲሱ ሉህ ወጣ። ከሉሁ ላይ አንደኛው መስመር፦ ማን በየት በር።

ሉሁን አጠገቡ አድርገው ጠሪን ገነቡ። አላጉረመረመም። ጓዳን አስቀድመው ጫኑ፣ ጠሪን አስከተሉ። አሥራ አንድ ሰዓት ከአርባ ሲል ሰሌዳው ጻፈ፤ ይርገዱ ጮክ ብላ አነበበች።

«ጠሪ ተጭኗል። አርባ አንድ... ያልተጠሩ አሉ። ይጠሩ? ይሰረዙ?»

ለካ ዝም ያለው ለአበጋዝ ብቻ አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «አለሁ» ሳይል የቀረው ሁሉ እምብርቱ ውስጥ ተራውን ይዞ ተሰልፎ ኖሯል።

ንጋቱ ፈጥኖ ተናገረ። «ሰርዢው። በንጹሕ ይጀምር። የዓመት መለወጫ ዋዜማ ላይ የስንት ዓመት ሙት ጠርተን ሕንፃውን ሙሉ ልናስለቅስ ነው? ግማሹ ሰው እኮ አዲስ ገቢ ነው፣ አያውቃቸውም። ምን ይሉናል?»

«ምን እንደሚሉማ ዐውቃለሁ፤ አሁን ተጠራን ይላሉ።» ወደ እሱ ዞረች። «ደስታ ስንተኛ ናት?»

ሰሌዳውን ሳያይ፣ ማየትም ሳይችል፣ «ሰባተኛ» አለ።

«ዘሐራስ? የጎረቤቴ?»

«ሠላሳ ሁለተኛ። ሁሉንም በቃሌ ነው የምይዘው፣ ይርገዱ።»

ይጠሩ ሦስት ፊደል ናት። ይ ብላ ጻፈች፣ ጠ ብላ ጻፈች፣ ሩን ከሰሌዳው ላይ ለማግኘት ትንሽ ቆየች። ከዚያ ለቀቀችው።

ድምፁ በገዛ ጆሮዋ ውስጥ ሲነሣ ደነገጠች። ለሰዎቹ እንጂ ለእሷም እንደሚናገር አላሰበችም ነበር። «አቶ አበጋዝ ይመር አርፈዋል። ሃያ ሦስተኛ ፎቅ፣ በር ሁለት። መስከረም አራት ቀን ሁለት ሺህ ሰማንያ ሦስት። ለቅሶው ታች ግቢ ነው።» ቀስ ያለ፣ ስሜት የሌለው ድምፅ ነው። ይርገዱ ለባሏ ለቅሶ ተጠራች። አርባ ሰከንድ ያህል ቆይቶ ሁለተኛውን ስም ጠራ።

«ይነሡ፣ ጋሽ ንጋቱ» አለች። «ወንበር አለ፤ እኔ ብቻዬን አልሸከመውም።»

ከመጋዘኑ አምስት አግዳሚ ወንበር አወጡ፤ እሷ በአንድ ጫፍ፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በሌላው። አቧራ አልነበረባቸውም። አንዱን ለብቻው ወደ ግድግዳው አስጠጋችው፣ የቤተ ዘመድ ወንበር ነው። ሌሎቹን ፊት ለፊቱ ደረደረች። ሰባተኛው ስም ሲጠራ ንጋቱ የያዘውን ጫፍ መሬት አስቀምጦ ቆመ፤ ድምፁ እስኪያልፍ ጠበቀችው። ከዚያ የቤተ ዘመዱ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ሊፍቱ መውረድ ጀመረ። መጀመሪያ አንዲት ሴት የቤት ጫማዋን እንዳደረገች ወጣች። ከዚያ ሦስት፣ ከዚያ በደረጃው ብዙ። መቶ አይሞሉም። ጆሯቸውን እየነኩ ግቢው መካከል ተራርቀው ቆሙ። አንዳንዶቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል፣ ልማድ ነው። ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ጎልማሳ ተጠግቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እናቴ፣ ተጠራን። ግን ምንድን ነው የሚደረገው?»

«ቁጭ በሉ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ምንም የለም። ቁጭ ነው የሚባለው።»

ተያዩ። የቤት ጫማ ያደረገችው ሴት ቀድማ ተቀመጠች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ወንበሩ ስላልበቃ ጎልማሳው ሳይታዘዝ ወደ መጋዘኑ ሄዶ ተጨማሪ አመጣ። አንድ ስም ሲጠራ ከኋላ ያለች ሴት «ውይ፣ እሳቸው ሞተዋል እንዴ?» ስትል ተሰማ።

ሠላሳ አንደኛው ስም እንዳለቀ የሕንፃው መብራት ከላይ እስከ ታች ጠፋ። ሊፍቱ ጸጥ አለ፣ ውሃው በቧንቧው ውስጥ ቆመ። ይርገዱ የንጋቱን ክንድ ጨብጣ ያዘች። እስከ ስድስት ቆጠረች። መብራቱ ፎቅ በፎቅ ተመለሰ። ድምፁ ግን አልተመለሰም። ሰው ሁሉ ጆሮውን ይዞ ጠበቀ።

«ወይዘሮ ዘሐራ ሰይድ አርፈዋል። ሃያ ሦስተኛ ፎቅ፣ በር ሦስት።»

ይርገዱ ክንዱን ለቀቀች። ለጎረቤቷም ለቅሶ ተጠራች። ከቤተ ዘመዱ ወንበር ተነሥታ ግቢውን አቋረጠችና፣ ከለቀስተኞቹ መካከል፣ የቤት ጫማ ካደረገችው ሴት አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች።